ልጄን ካቶሊክ ትምህርት ቤት ላስገባ ወይ? ከድሬዳዋ ወላጆች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ነሐሴ ሲገባ ስልኬ አያርፍም። ጎረቤት ይደውላል፣ የሥራ ባልደረባ ይደውላል። አንዳንዴ ጨርሶ የማላውቃት እናት ቁጥሬን ከሰው ወስዳ "አቦ፣ ልጆችሽ ካቶሊክ አይደል የሚማሩት? ትምህርቱ እንዴት ነው?" ትለኛለች። ትልቋ ልጄ እዚሁ ድሬዳዋ ካቶሊክ ትምህርት ቤት 8ኛን ጨርሳ ወጥታለች። ትንሹ እዚያው 4ኛ ክፍል ነው። እኔ ደግሞ መንግሥት ትምህርት ቤት 11 ዓመት አስተምሬያለሁ። ስለዚህ ነገሩን በጠመኔውም በክፍያ ደረሰኙም በኩል አውቀዋለሁ።

በየዓመቱ የምመልሳቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። የትምህርት ቤት ስም አልጠራም። ድሬም ሐረርም ካቶሊክ ትምህርት ቤት ከአንድ በላይ ስላለ፣ የትኛውም በር ላይ ብትቆሙ እንዲጠቅማችሁ ብዬ ነው።

እኛ ካቶሊክ አይደለንም። ልጃችንን ይቀበላሉ?

ይቀበላሉ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ በመላ አገሪቱ ካቶሊኮች 1 በመቶ እንኳ አልሞሉም። ካቶሊክ ብቻ እንቀበል ቢሉ ክፍሎቹ ባዶ ይቀሩ ነበር። ከልጆቼ ጋር የሚማሩት አብዛኞቹ ሙስሊምና ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ፕሮቴስታንትም አሉ። ይህ ደግሞ በቸልታ የሆነ ነገር አይደለም። ቤተ ክርስቲያኒቱ እ.ኤ.አ. በ1965 በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ ትምህርት ባወጣችው መግለጫ፣ ካቶሊክ ያልሆኑ ልጆች የሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶቿ በተለይ ለልቧ ቅርብ እንደሆኑ ጽፋለች።

በአንድ ረመዳን ትንሹ ልጄ ምሳ ዕቃውን ሳይነካ ይዞት መጣ። አሞት መስሎኝ ደነገጥኩ። "አጠገቤ የሚቀመጠው እየጾመ እኔ ፊቱ እንዴት ልብላ?" አለኝ። ማንም አላስተማረውም። ከሦስት ዓመቱ ጀምሮ እንዲህ ካሉ ልጆች ጋር ስለዋለ ነው።

ሃይማኖት ያስተምራሉ? ልጄን እንዳይቀይሩብኝ እሰጋለሁ።

ስጋቱ ይገባኛል፤ እናቴም ያኔ ይህንኑ ነበር የጠየቀችኝ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ላይ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ መሰጠት እንዳለበት ይላል። ትምህርት ቤቱ ፈቃዱን የሚያወጣው ከትምህርት ቢሮ ነው። የሚያስተምረውም ሌላው ትምህርት ቤት የሚያስተምረውን ሥርዓተ ትምህርት ነው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ግብረ ገብ አለ። እሱ ስለ ሐቀኝነት፣ ሰው ስለማክበር፣ ስለ መረዳዳት ነው እንጂ የአንድ ሃይማኖት ትምህርት አይደለም።

ግቢው ውስጥ የማርያም ሐውልት ታያላችሁ። መስቀልም ይኖራል። ሲስተሮቹም የመነኩሲት ልብሳቸውን ለብሰው ይውላሉ። ይሄ የማያስጨንቃችሁ ከሆነ ሌላው ቀላል ነው። ሂጃብን፣ የጁምዓ ሰላትን፣ የጠዋት ሰልፉን ጸሎት በተመለከተ ግን ከመመዝገባችሁ በፊት ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብታችሁ በግልጽ ጠይቁ። ከምዝገባ በኋላ "አልነገራችሁኝም" ከማለት ያድናል። አፍራችሁ አትለፉት።

የጥራት ስሙ ከየት መጣ?

ሥሩ ሐረር ነው። ከድሬዳዋም ይቀድማል። የኛ ከተማ የተቆረቆረችው ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ነው። ካፑቺን የሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት ሚሲዮናውያን ግን ያኔ ሐረር ላይ ነበሩ። ለብዙ ዓመታት የሐረር ጳጳስ የነበሩት ፈረንሳዊው አቡነ እንድርያስ ዣሮሶ የራስ መኮንን ወዳጅ ነበሩ። ራስ መኮንን ልጃቸውን ተፈሪን የሚያስተምር ሰው ሲፈልጉ ወደ እሳቸው ሄዱ። አባ ሳሙኤል የተባሉ ኢትዮጵያዊ ካህን ለልጁ አስተማሪ ሆኑ። ያ ልጅ በኋላ ንጉሠ ነገሥት ሆነ።

የአባ ሳሙኤል ነገር ሁልጊዜ ይነካኛል። በ1907 ዓ.ም. ሐረማያ ሐይቅ ላይ ጀልባ ስትሰጥም ተፈሪ ለጥቂት ተረፈ፣ መምህሩ ግን ሞቱ። ከድሬ ወደ ሐረር ስንወጣ ሐረማያ ስንደርስ ለልጆቼ እነግራቸዋለሁ። ተማሪው በታሪክ ታወቀ፤ የመምህሩን ስም የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

ድሬ ላይ ደግሞ የምድር ባቡሩ ዘመን አለ። ከዚራ ውስጥ ዛሬም በፈረንሳይኛ የሚቀልዱ ሽማግሌዎች አሉ። "ሚሲዮን ነው የተማርኩት" ሲሉ አንገታቸው ቀና ይላል። ስሙ የመጣው ከዚያ ነው። ግን ልብ በሉ፦ ያ የአያቶቻችን ትምህርት ነው። የዛሬው ጥሩ መሆኑን በዛሬው ዓይን ማየት አለባችሁ።

ታዲያ ጥራቱን በምን ልወቅ?

ከሁሉም የምወደው ጥያቄ ይሄ ነው። መልሴ አጭር ነው፦ ደብተር ክፈቱ። እዚያ የሚማር የጎረቤት ልጅ አይጠፋም። በዓመቱ አጋማሽ ላይ ያለ ደብተሩን ለምኑና ሻይ እየጠጣችሁ አገላብጡት። እስክሪብቶው ቀይ ነው? ቀን አለው? መምህሩ አንብቦታል ወይስ የገጹ ታች ላይ አንድ ራይት ጥሎ አልፏል?

ልጄ 3ኛ ክፍል እያለች የአማርኛ ደብተሯን ስከፍት "ትምርት" ብላ ጽፋለች። መምህሯ "ህ"ን በቀይ አስገብታ "5 ጊዜ ጻፊ" ብላለች። ቀጣዩ ገጽ ላይ ልጄ አምስቱንም ጽፋለች፤ አራተኛው ላይ ግን ደክሟት ነው መሰለኝ ተመልሳ "ትምርት" ብላለች። አራተኛው በቀይ ተከቧል። ከ40 በላይ ልጆች ያሉበት ክፍል ነው። ያቺ መምህርት አምስቱንም ቃል አንብባለች ማለት ነው። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ማታ ማታ ያንን ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። በዚያች ቀይ ክብ ነው ትምህርት ቤቱን ያመንኩት።

ሁለተኛው ፈተና ንባብ ነው። ልጁ ከዚህ በፊት ያላየውን አንድ አንቀጽ ስጡት። የራሱን መጽሐፍ አይደለም፤ እሱን ሸምድዶት ሊሆን ይችላል። በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ውስጥ ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ያኔ እኔም ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ውጤቱን ስሰማ አልገረመኝም፣ አመመኝ። 2ኛን የጨረሰ ልጅ እየተንተባተበም ቢሆን አዲስ አንቀጽ አንብቦ ምን እንዳለ ሊነግራችሁ ይገባል። ይህን የሚያደርጉ ልጆች የሚወጡበት ትምህርት ቤት ግድግዳው ቀለም ባይቀባም ጥሩ ነው።

ሦስተኛው፦ ዘንድሮ ስንት መምህር ለቀቀ? ይህን ጠይቁ። ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች በዓመቱ መሐል መምህር ይለቅባቸዋል፤ ደመወዝ ትንሽ ጨመር ያለበት ይሄዳል። ልጄ ቀድሞ በነበረችበት ሌላ ትምህርት ቤት በአንድ ዓመት ሒሳብ ያስተማሯት ሦስት ሰዎች ናቸው። ሦስቱም ክፍልፋይን ከመጀመሪያው ጀመሩት፣ ማንም አልጨረሰውም። ካቶሊክ ትምህርት ቤት ከዚህ ችግር ነፃ ነው አልልም። ግን ግቢው ውስጥ የሚኖሩ ሲስተሮች መኖራቸው ይረዳል። እነሱ ለደመወዝ ብለው ሌላ ቦታ አይሄዱም። ማኅበራቸው ካላዛወራቸው በቀር ዓመታት ይቆያሉ፤ የልጁን ታላቅ ወንድም ያስታውሳሉ።

ቤተ መጻሕፍቱንም እዩ። ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ለማወቅ ሩብ ሰዓት ከፈጀ መልሱን አገኛችሁ።

እንግሊዝኛቸው ጠንካራ ነው ወይ?

ድሬ ላይ "ጎበዝ ትምህርት ቤት" ሲባል ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ይሄን ነው። ልጁ "ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር" ሲል ሰምተን ደስ ይለናል። እኔንም ደስ ይለኛል። ግን በዚህ አትሸወዱ።

ትንሹ ልጄ አንድ ቀን በረንዳ ላይ ቆሞ "ፕላንትስ ሜክ ዜር ኦውን ፉድ" እያለ በቃሉ ይወርደዋል። "ጎበዝ! ታዲያ ግቢያችን ያለው ኒም ምግቡን ከየት ነው የሚያመጣው?" አልኩት። ኒሙን አየ፣ እኔን አየ። "አንቺ ውሃ ስለምታጠጪው" አለኝ። እንግሊዝኛውን ያውቀዋል፣ ነገሩን አያውቀውም።

በማግስቱ ሄጄ ለመምህሩ ነገርኩት። አልተቆጣም፤ እኔም ለክስ አልሄድኩም። በሳምንቱ ክፍሉን ይዞ ወደ ግቢው ዛፍ ወጣ። ቅጠሎቹን ሳይበጥሱ ጥቂቶቹን በጥቁር ፌስታል ጠቀለሉ። ከቀናት በኋላ ሲፈቱት ቅጠሎቹ ገርጥተዋል። "ብርሃን ስላጣ ምግቡን መሥራት አቃተው" ብሎ መጀመሪያ በአማርኛ አስረዳቸው፤ እንግሊዝኛውን ያስከተለው ከዚያ በኋላ ነው። ልጄ ዛሬም ኒሙ ሥር ሲቀመጥ "እየሠራ ነው" ይላል።

ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ከመንግሥቱ መጽሐፍ ጎን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይጨምራሉ። የመጽሐፉን ውፍረት ተዉትና ልጁ የተማረውን በቤት ቋንቋው ለአያቱ ማስረዳት ይችል እንደሆነ እዩ። አያቱ ከገባቸው ለሱም ገብቶታል።

አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛስ?

የድሬ ልጅ ሰፈር ውስጥ ሦስት ቋንቋ ይዞ ያድጋል፤ ይሄ ሀብት ነው። በከተማችን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች አሉ። ቤታችሁ የሚነገረው አማርኛ ካልሆነ፣ የምትመርጡት ትምህርት ቤት በየትኛው ቋንቋ እንደሚያስተምር አስቀድማችሁ አረጋግጡ። በማያውቀው ቋንቋ ፊደል የሚጀምር ልጅ ሁለት ሸክም ይሸከማል።

ሥርዓት ያስይዛሉ ይባላል። ይማታሉ እንዴ?

ሥርዓት ያስይዛሉ፤ እውነት ነው። ሰዓት ይከበራል። ጠዋት ሲስተሯ በሩ ላይ ቆማ ልጆቹን በየስማቸው ትቀበላለች፤ ያረፈደም ያልተበጠረም ያኔውኑ ይታያል። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ የለም፤ ልጆቹ ሲስተሯንም "አንቺ" ይሏታል። ከአዲስ አበባ ለመጣ ሰው ድፍረት ይመስለዋል። እዚህ ግን አክብሮት በሌላ ነገር ነው የሚታየው። ስታልፍ ይነሳሉ፣ ቦርሳዋን ይቀበሏታል።

ዱላን በተመለከተ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ተጽፏል። ሲስተርም ሆነች ሌላ መምህር፣ መማታት አይፈቀድም። እኔም ማስተማር ስጀምር ዱላ ይዤ ክፍል ገብቻለሁ፤ ሁሉም እንዲያ ያደርግ ነበር። የመታሁት አንድ ልጅ እስካሁን ፊቱ ይታየኛል። ስለዚህ ይህን ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትዩት። ልጃችሁ ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ ማለት ካበዛ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁት። ተመትቶ ከሆነ በማግስቱ ሄዳችሁ ተነጋገሩ። እኔ ባየሁት ዳይሬክተሮቹ ሲነገራቸው ይሰማሉ።

ክፍል ውስጥ ስንት ልጅ አለ?

ይለያያል። የአገሪቱ መለኪያ ለአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ደህና ነው፤ 40 ላይ ከሆነ ደስ ይበላችሁ። ፈላጊው ብዙ ስለሆነ ወንበር ጨምሩ የሚል ግፊት አለባቸው። "ለኔ ልጅ ብቻ አንድ ወንበር" ብሎ የሚለምነው እያንዳንዳችን ነን፤ ተደምሮ ክፍሉን የሚያጨናንቀውም ያው ነው።

በሚኒስትሪ ፈተና 100 በመቶ ያሳልፋሉ?

በአዲሱ ሥርዓት 6ኛም 8ኛም ላይ ክልላዊ ፈተና አለ። ካቶሊክ ትምህርት ቤቶች በዚህ ጥሩ ስም አላቸው። እኔ ግን 100 በመቶ የሚል ባነር ሳይ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ደካማዎቹ ልጆች የት ደረሱ? አንዳንድ ትምህርት ቤት 7ኛ ላይ ደካማውን ልጅ በዘዴ መልቀቂያ ይሰጠዋል። ከዚያ የቀሩት ሁሉ ያልፋሉ። እሱ ጥራት አይደለም።

ስለዚህ እንዲህ ጠይቁ፦ "አንድ ልጅ ሒሳብ ቢያቅተው ምን ታደርጋላችሁ?" ከሰዓት በኋላ ማጠናከሪያ አለ ካሉ፣ ማን እንደሚያስተምር፣ ተጨማሪ ክፍያ እንዳለው ጠይቁ። መልሱ ቶሎ ከመጣ ልምዱ አለ ማለት ነው።

ነገሩን ይህን ያህል የማጠብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ያ ሁሉ ልጅ 12ኛ ላይ በድንገት አልወደቀም። ብዙዎቹ ያኔ 3ኛ ክፍል እያሉ "ትምርት" ብለው ጽፈው ማንም ቀይ ያላሰመረላቸው ናቸው።

ክፍያው ውድ ነው?

ከመንግሥት ጋር ካነጻጸራችሁት አዎ። ከሌሎች የግል ትምህርት ቤቶች ጋር ሲታይ እኔ ባየሁት መካከለኛ ነው። ወርሃዊውን ብቻ ሰምታችሁ አትወስኑ። መመዝገቢያ፣ ዩኒፎርም፣ መጽሐፍ፣ ደብተር፣ ከዚያ ደግሞ የባጃጅ ኮንትራት አለ። ከሳቢያን ወደ ከዚራ ልጅ የምታመላልሱ ከሆነ ባጃጁ ኪሳችሁን ሊጎዳ ይችላል። ሁሉንም በወረቀት ደምሩ፤ ለአሥር ወር አባዙት።

ችግር ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ዝም ብላችሁ ልጁን አታስወጡ። ሲስተሯን ለብቻዋ አናግሯት። ባለቤቴ ሥራ ባጣበት ዓመት እኔ አናግሬያታለሁ። ክፍያውን በየሁለት ወሩ እንድከፍል ፈቀደችልኝ፤ ልጄም ይህን አላወቀም።

በዚህ ሙቀት ልጆቹ እንዴት ይማራሉ?

ጥላና ውሃ እዩ። እኩለ ቀን ላይ ድሬ ራሷ በሯን ዘግታ ትተኛለች፤ ልጅ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አይማርም። የድሮዎቹ የሚሲዮን ሕንጻዎች ግድግዳቸው ወፍራም፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ በረንዳቸው ሰፊ ነው፤ ትልቅ ጥቅም አለው። አዲስ የተጨመሩ ክፍሎች ካሉ ግን ከሰዓት ገብታችሁ አምስት ደቂቃ ተቀመጡ። ኮዳ ውሃ አትርሱ።

ስንት ዓመት ሲሞላው ላስመዝግበው? ምን ይዤ ልሂድ?

1ኛ ክፍል በ7 ዓመት ነው። የልደት ሰርተፊኬት፣ የክትባት ካርድና ፎቶ ያዙ፤ ከሌላ ትምህርት ቤት ከሆነ መልቀቂያና ካርድ ጨምሩ። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ቅድሚያ የሚሰጡት እዚያው ኬጂ ለተማሩና ለእህት ወንድም ነው። ስለዚህ የምታስቡት ለ1ኛ ክፍል ከሆነ ኬጂ ላይ ጀምሩ።

ቦታ የለም ቢሉኝስ?

ስማችሁን በመጠባበቂያ አስመዝግቡ፣ ስልካችሁንም በግልጽ ጻፉ። በመሐሉ ሰፈራችሁ ያለውን መንግሥት ትምህርት ቤት ሄዳችሁ እዩ። እኔ እዚያ 11 ዓመት ስሠራ እያንዳንዱን ደብተር የሚያርሙ፣ የራሳቸውን ጠመኔ የሚገዙ መምህራንን አውቃለሁ። ከእነሱ አንዷ የልጃችሁ ክፍል ኃላፊ ከሆነች ዕድለኛ ናችሁ።

ለትንሹ ልጄ እኔም በነሐሴ ቦታ የለም ተብዬ ነበር። መስከረም ሁለተኛ ሳምንት ላይ ቀፊራ ሽንኩርት እየመረጥኩ ስልኬ ጠራ። አንድ ቤተሰብ ወደ አዲስ አበባ ስለተዛወረ አንድ ወንበር ተለቆ ነበር። "ነገ ጠዋት ይዘሽው ነይ" አለችኝ ሲስተሯ። ዩኒፎርም አልተሰፋለትም ነበር፤ ሦስት ቀን በእህቱ አሮጌ ሸሚዝ ሄደ።